ዛንቴት ወርቅ ላይ እንዴት ይያዛል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ወርቅና ፕላቲነም ማንሳፈፊያ ኬሚካሎች፣ ማለትም የተፈጨ ድንጋይ ከውኃ ጋር ተደባልቆ አየር ሲነፋበት የብረቱ ቅንጣቶች ከአረፋው ጋር ተያይዘው እንዲወጡ ስለሚያደርጉ ኬሚካሎች፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው ከበድ ያለ ነገር በቀላል አማርኛ ለማስረዳት መነሳታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ስለ አረፋ አውጪው፣ ስለ አረፋዎቹ መጠንና ስለ ማሽኑ አሠራር የጻፉትም ደህና ነው። ችግሩ ያለው እምብርቱ ላይ ነው፦ ኬሚካሉ ከብረቱ ገጽ ጋር የሚያያዝበት መንገድ። በእሳቸው አገላለጽ ዛንቴት (ሰልፈርና የካርቦን ጅራት ያለው የተለመደ ማንሳፈፊያ ኬሚካል) ወርቅ ላይ የሚለጠፈው ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚሳሳብ ነው፤ አየር የሚነፋው አረፋ ለመሥራት ብቻ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ በተፈጥሮው ውኃ ስለሚጠላ እምብዛም ኬሚካል አይፈልግም፤ ሰልፈር ከወርቅ ጋር ያለው ትስስር በጠነከረ ቁጥር ወርቁ በደንብ ይንሳፈፋል፤ ኬሚካል በጨመሩ ቁጥር ምርት ይጨምራል፤ ኖራ ርካሽና ጉዳት የሌለው የፒኤች ማስተካከያ ነው፤ ለወርቅ የሠራ ቀመር ለፕላቲነምም ይሠራል።

እነዚህ የተለያዩ ነጥቦች ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ጸሐፊው መያያዙን እንደ መለጠፍ ነው ያዩት። ዛንቴት ወርቅ ላይ ሲያያዝ ግን የኤሌክትሮን ርክክብ ይካሄዳል፤ ርክክቡ እንዲካሄድ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም በገጹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው። ይህን ይዘን ነጥቦቹን በተራ እንያቸው።

«ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚሳሳብ ነው»

የወርቅ ገጽ ፖዘቲቭ፣ ዛንቴት ኔጋቲቭ ስለሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ ብለዋል። ግማሹ ልክ ነው፤ ዛንቴት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ኔጋቲቭ አዮን ይሆናል። ወርቁ ግን ፖዘቲቭ አይደለም። የማንሳፈፍ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ከገለልተኛ እስከ አልካላይን ባለው ፒኤች ነው፤ እዚያ ክልል ውስጥ የወርቅ ገጽ የሚይዘው ቻርጅ ኔጋቲቭ ነው። በጸሐፊው ሒሳብ ከሄድን እንግዲህ ሁለቱ መገፋፋት እንጂ መሳሳብ አልነበረባቸውም።

በቻርጅ መሳሳብ የሚሠራ ማንሳፈፊያ የለም ማለቴ አይደለም። ኳርትዝ አሚን በሚባል ሌላ ማንሳፈፊያ ኬሚካል ሲንሳፈፍ የሚሆነው ልክ እሳቸው እንደገለጹት ነው፦ የኳርትዙ ገጽ ኔጋቲቭ ነው፣ አሚኑ ፖዘቲቭ ነው፣ ይሳሳባሉ። ከዚያ ተውሰው ወደ ወርቅ ያመጡት ይመስለኛል። መዋሱ ግን አይሠራም። የቻርጅ መሳሳብ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ይዳከማል፤ የባሕር ውኃ የሚጠቀሙ የመዳብ ማንሳፈፊያ ፋብሪካዎች ግን በዛንቴትና በዘመዶቹ እየሠሩ ነው።

ከዚህ የሚቀርብ ማስረጃም አለ። ዛንቴት የያዘውን ወርቅ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ውኃ መጥላቱን አይተውም። በሄክሴን ወይም በኢተር ስታጥቡት ግን ከገጹ ላይ ዘይት መሰል ነገር እየሟሟ ይለቃል። ይህ ነገር ዳይዛንቶጅን ይባላል፤ ሁለት ዛንቴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለቀው በሰልፈሮቻቸው በኩል የተጣመሩበት፣ ምንም ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ነው። ቻርጅ የሌለውን ነገር ቻርጅ ጎትቶ ለጠፈው ማለት ውኃ የማያነሳ ነው።

«አየር ለአረፋ ብቻ ነው፤ ናይትሮጅንም ቢነፋ ያው ነው»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይኸኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዛንቴት ወደ ዳይዛንቶጅን ሲቀየር ኤሌክትሮን ይለቃል ብያለሁ። ኤሌክትሮን ደግሞ ተቀባይ ካላገኘ አይለቀቅም። የተፈጨው ድንጋይ ከውኃ ጋር በተደባለቀበት ፐልፕ ውስጥ ተቀባዩ የሟሟው ኦክስጅን ነው። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ከሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ጋር ሆኖ አራት ኤሌክትሮን ይወስድና አራት የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል። ስለዚህ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል አራት ዛንቴት ያስተናግዳል፤ የሚወጣው ሁለት ዳይዛንቶጅን ነው።

ዛንቴቱና ኦክስጅኑ ግን ፊት ለፊት መገናኘት የለባቸውም። ወርቅ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። ዛንቴቱ በቅንጣቷ አንድ ጠርዝ ላይ ኤሌክትሮኑን ያስረክባል፤ ኤሌክትሮኑ በወርቁ ውስጥ ያልፋል፤ ኦክስጅኑ በሌላኛው ጠርዝ ይቀበለዋል። እያንዳንዷ ቅንጣት አኖድና ካቶድ በአንድ አካል ላይ ያላት፣ ሽቦ የሌላት ሴል ናት ማለት ይቻላል። ሁለቱ ፍሰቶች እኩል የሚሆኑበት ቮልቴጅ ላይ ቅንጣቷ ትረጋለች፤ ይህ ቅይጥ ፖቴንሻል ይባላል። ወርቁ ራሱ ከዚህ ርክክብ ምንም አይጎድልበትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሳላሚና ኒክሰን የማንሳፈፊያ ኬሚካል የሚያያዝበትን ነገር በኤሌክትሮኬሚስትሪ መንገድ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ሮናልድ ዉድስ በ1971 ኢታይል ዛንቴት (አጭር ጅራት ያለው ዛንቴት) በፕላቲነም፣ በወርቅ፣ በመዳብና በጋሊና (የእርሳስና የሰልፈር ማዕድን) ኤሌክትሮዶች ላይ እንዴት ኦክሳይድ እንደሚሆን፣ ማለትም ኤሌክትሮን እንደሚለቅ፣ ለካ። በ1972 ደግሞ አሊሰንና ባልደረቦቹ ብዙ የሰልፋይድ (ከሰልፈር ጋር የተዋሐዱ) ማዕድናትን በዛንቴት መፍትሔ ውስጥ እየነከሩ ገጻቸው ላይ የተገኘውን መረመሩ። ማዕድኑ በመፍትሔው ውስጥ የሚረጋበት ቮልቴጅ ከዳይዛንቶጅን መፈጠሪያው በላይ ከሆነ የሚገኘው ዳይዛንቶጅን ነው፤ በታች ከሆነ ደግሞ በጋሊና ላይ እንደሚሆነው፣ ማዕድኑ ውስጥ ያለው ብረት (በጋሊና እርሳሱ) ከዛንቴት ጋር የተዋሐደበት ውሕድ ይገኛል። በቻርጅ መሳሳብ ይህን ክፍፍል ማስረዳት አይቻልም፤ በቮልቴጅ ግን በአንድ መስመር ያልቃል።

ቁጥሩ ይኸው። ለኢታይል ዛንቴት የዳይዛንቶጅን መነሻ ቮልቴጅ ከስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር ሲለካ ከዜሮ በታች 0.06 ቮልት አካባቢ ነው፤ ይህም ክምችቱ በሊትር 1 ሞል ሲሆን ነው። ክምችቱ በአሥር እጅ በቀነሰ ቁጥር 0.059 ቮልት ይጨመርበታል። በሊትር 0.001 ሞል ባለበት መፍትሔ እንግዲህ ይህ መነሻ፣ ደፍ እንበለውና፣ ከዜሮ በላይ 0.12 ቮልት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወርቁ ከዚያ በታች ከቆመ ዛንቴቱ በዙሪያው ሞልቶም ዳይዛንቶጅን አይፈጠርም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የወርቅ ኤሌክትሮድ በዛንቴት መፍትሔ ውስጥ ይነከራል፤ ቮልቴጁን ከውጭ እየተቆጣጠሩ የአየር አረፋ በገጹ ላይ ይጫናል። ቮልቴጁ ዝቅ ባለበት ጊዜ አረፋው ገጹን የነካ ይመስልና ይንሸራተታል፤ በመካከል ያለችው ስስ የውኃ ሽፋን አልቀደድም ትላለች። ቮልቴጁን ቀስ እያሉ ሲያወጡት አንድ ቦታ ላይ ሽፋኗ ትቀደዳለች፤ አረፋው ወርቁን ይይዝና ጠርዙ ላይ ጉልህ ማዕዘን ይሠራል። ኬሚካሉ ያው ነው፤ ወርቁም ያው ነው። ጋርድነርና ዉድስ በ1974 ባወጡት ሥራ በወርቅና በፕላቲነም ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው።

አንድ አዋቂ አንባቢ «ወርቅ ያዘለ ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) በናይትሮጅን የተንሳፈፈበት ፋብሪካ በኔቫዳ ነበር እኮ» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ናይትሮጅኑ የተመረጠው ግን ፒራይቱ ከመንሳፈፉ በፊት ገጹ በኦክስጅን ተበላሽቶ እንዳያስቸግር ነው። መዳብና ሞሊብደናይት (የሞሊብደነም ማዕድን) በሚለዩበት ሥራም ናይትሮጅን ይነፋል፤ መዳቡን ለማስመጥ የሚጨመረውን ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ ኦክስጅን እንዳይጨርሰው። በሁለቱም ቦታ ጋዙ የተቀየረው ጋዝ ኬሚስትሪ ስለሚቀይር ነው። «ያው ነው» ቢሆን ኖሮ ለናይትሮጅን የሚከፍል ሰው አይገኝም ነበር።

ነገሩ በወፍጮው ላይም ይታያል። ድንጋዩ የሚፈጨው በብረት ኳሶች ነው፤ ኳሶቹ ሲዝጉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ከወፍጮው የሚወጣው ፐልፕ ቮልቴጁ የወደቀ፣ በብረት ሃይድሮክሳይድ የቆሸሸ ይሆናል። እንዲህ ባለ ፐልፕ ላይ ዛንቴት አፍስሶ ወዲያው ወርቅ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ቀድሞ አየር እየነፉ ማማሰል ምን እንደሚሠራ የሚገባው በዚህ መንገድ ሲታይ ነው፤ በጸሐፊው ማብራሪያ ግን ጊዜ ማባከን ይመስላል።

«ንጹሕ ወርቅ በተፈጥሮው ውኃ ይጠላል»

ግማሽ እውነት ያለው ይህ ነው። በአረፋ አውጪ ብቻ የሚንሳፈፍ ወርቅ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ጸሐፊው ይህን ይዘው ወርቅ ከምንም ጋር ስለማይዋሐድ ውኃም አይዘውም ወደሚል መደምደሚያ ሄዱ።

በዚህ ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረዋል፤ አንዱ ውኃ ወርቅ ላይ ይድቦለቦላል ሲል ሌላው ይዘረጋል ይል ነበር። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ልዩነቱ የገጹ ንጽሕና ነው። በደንብ የጸዳ ወርቅ ላይ ውኃ ይዘረጋል፤ ወርቁ አየር ላይ ትንሽ ሲቆይ ግን በአየር ውስጥ ያሉ የካርቦን ውሕዶች ስስ ሽፋን ሆነው ያርፉበታል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ይድቦለቦላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ ጥናት ንጹሕ የወርቅ ገጽ ውኃ ወዳድ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። እናም ጸሐፊው «ተፈጥሮ» ያሉት ነገር ቆሻሻ ነው። በቆሻሻ ላይ ደግሞ የምርት ዕቅድ አይወጣም፤ ዛሬ ያለው የዘይት ሽፋን ነገ የሸክላ ወይም የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ያው ወርቅ ከሚጣለው ዝቃጭ ጋር ይሄዳል።

ወርቅ አይዝግም ማለት ገጹ ላይ ምንም አይከናወንም ማለትም አይደለም። እንዲያውም አለመዛጉ ነው ጥሩ የርክክብ መድረክ ያደረገው፦ ኦክሳይድ አይሸፍነውም፣ ኤሌክትሮን ያለ ችግር ያልፍበታል።

ጸሐፊው ጨርሶ የዘለሉት ደግሞ ብር ነው። በተፈጥሮ የሚገኝ ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ብር አለበት፤ ብሩ ከአምስት እጅ አንዱን ሲያልፍ ቅይጡ ኤሌክትረም ይባላል። ብር ከዛንቴት ጋር እጅግ የማይሟሟ ውሕድ ይሠራል። በ1990ዎቹ በወርቅና ብር ቅይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ዛንቴቱ ከዳይዛንቶጅን ደፍ በታች ባለ ቮልቴጅ እንኳ በገጹ ላይ ባሉት የብር አተሞች ላይ በቀጥታ ሲያያዝ ታይቷል። ስለዚህ ብር ያለበት ወርቅ ቮልቴጁ ወደቅ ባለ ፐልፕ ውስጥም የመንሳፈፍ ዕድል አለው፤ ንጹሕ የሆነው ግን የለውም። ከሁለት ቦታ የመጣ፣ በዓይን አንድ የሚመስል ወርቅ በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠባይ ሲያሳይ በመጀመሪያ የምጠይቀው የብሩን መጠን ነው።

«ትስስሩ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ዘመናዊ ምርምር ጠቅሰዋል፦ ታዮሎች (በአንድ ጫፋቸው ሰልፈር ያላቸው የካርቦን ውሕዶች) በወርቅ ላይ ራሳቸውን አሰልፈው አንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ሽፋን መሥራታቸውን። ኑዞና አላራ በ1983 የጀመሩት ይህ መስክ እውነተኛና ሰፊ ነው፤ በወርቅና በሰልፈር መካከል ያለው ትስስርም ጠንካራ ነው። ከዚያ ተነስቶ ግን ጠንካራ ትስስር ማለት ጥሩ መንሳፈፍ ማለት ነው ብሎ መዝለል አይቻልም።

አንድ ምሳሌ ይበቃል፦ ሶዲየም ሰልፋይድ። ከእሱ የሚገኘው የሃይድሮሰልፋይድ አዮን በሰልፈሩ በኩል ወርቅን አጥብቆ ይይዛል። የጸሐፊው ሕግ ትክክል ከሆነ ምርጥ ማንሳፈፊያ መሆን ነበረበት። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ነጻ ወርቅ ባለበት ፐልፕ ውስጥ ሶዲየም ሰልፋይድ ከገባ ወርቁ ይሰምጣል። የገጹን ቦታ ይይዝበታል፣ ቮልቴጁንም ያወርደዋል፤ ዛንቴቱ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ሲያናይድም እንዲሁ ነው። ወርቅን ከሲያናይድ በላይ የሚወድ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሲያናይድ ግን ወርቁን ውኃ ወዳድ ያደርገዋል፤ ቆይቶም ያሟሟዋል።

ትስስሩ ቦታውን ይይዛል፤ ውኃውን የሚያባርረው በሌላው ጫፍ ያለው የካርቦን ጅራት ነው። ዋርክና ኮክስ በ1934 የለኩት ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ኢታይል ዛንቴት በተለያዩ ማዕድናት ላይ ሲያያዝ የአረፋው የንክኪ ማዕዘን በሁሉም ላይ 60 ዲግሪ አካባቢ ሆነ፤ ማዕዘኑ የተለወጠው ጅራቱ ሲለወጥ እንጂ ማዕድኑ ሲለወጥ አልነበረም። ገጹ በበቂ ሁኔታ ከተሸፈነ በኋላ ውኃው የሚያየው ጅራቱን ነው፤ ከሥሩ ያለው ወርቅ ይሁን ጋሊና አያውቅም።

እንዲህ ከሆነ ረጅሙን ጅራት መርጦ መገላገል ነው የሚል ይኖራል። ከኢታይል ወደ አማይል ሲኬድ ጅራቱ ይረዝማል፣ የዳይዛንቶጅን ደፉም ይወርዳል፤ ኃይሉ ይጨምራል፣ መምረጡ ይቀንሳል። ከወርቁ ጋር መንሳፈፍ የሌለበት ሰልፋይድም ይመጣል። ዳይታዮፎስፌት የሚባለው ሌላ ማንሳፈፊያ በተቃራኒው ነው፤ ዳይኢታይሉ ወደ ጥንድ ሞለኪውል የሚቀየርበት መነሻ ቮልቴጅ 0.25 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ከዛንቴት ይልቅ ኦክሳይድ ለመሆን ይከብደዋል፤ ፒራይትን ከመጎተት የሚቆጠበውም በዚህ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ሁለቱን አቀላቅለው የሚጠቀሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ኬሚካል ጨምር፣ ወርቅ ይጨምራል»

እስቲ እናስላው። የፖታስየም ኢታይል ዛንቴት ሞለኪውላዊ ክብደት 160 ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል 0.28 ካሬ ናኖሜትር ገደማ ይሸፍናል ብንል፣ አንድ ግራም ብቻውን ወደ 1,000 ካሬ ሜትር በአንድ ሽፋን ያለብሳል።

አሁን በቶን 5 ግራም ወርቅ ያለው ድንጋይ እንውሰድ፤ ወርቁ ሁሉ 50 ማይክሮን ስፋት ባላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ተለያይቶ ወጣ እንበል። የወርቅ ጥግግት 19.3 ስለሆነ የአምስቱ ግራም ጠቅላላ ገጽ 0.03 ካሬ ሜትር ነው፤ የአንድ ኤ4 ወረቀት ግማሽ። ይህን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ዛንቴት በሚሊግራም እንኳ ሲቆጠር ከአንድ ያንሳል። በዚያው ቶን ውስጥ 2 በመቶ ፒራይት ካለ፣ በዚያው መጠን ቢፈጭ ገጹ 480 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለእሱም ግማሽ ግራም ይበቃል።

ታዲያ ለአንድ ቶን 50 ግራምና ከዚያ በላይ ለምን ይፈስሳል? ከፊሉ ከሟሙ የመዳብ፣ የእርሳስና የብረት አዮኖች ጋር ይዘቅጣል። ከፊሉን እጅግ የላመው ዱቄት ይወስደዋል፤ ገጹ ከላይ ካሰላነው እጅግ ይበልጣልና። ፒኤቹ ወደ አሲድ ካዘነበለ ዛንቴቱ ወደ ካርቦን ዳይሰልፋይድና አልኮል ይፈርሳል። የቀረው በውኃው ውስጥ ይቆያል፤ እሱም ከንቱ አይደለም፣ ምክንያቱም ደፉን የሚወስነው በውኃው ውስጥ ያለው ክምችት ነው። በቶን 50 ግራም ተጨምሮ ፐልፑ 30 በመቶ ድንጋይ ቢሆን፣ ምንም ሳይጠፋ፣ ክምችቱ በሊትር 20 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ደፉም 0.17 ቮልት ገደማ።

አሁን የጸሐፊውን ምክር እንከተልና አሥር እጥፍ እናድርገው። በቶን 500 ግራም ስናፈስስ ደፉ የሚወርደው በ0.06 ቮልት ብቻ ነው። የኬሚካሉ ወጪ አሥር እጥፍ ሆኖ የተገዛው ይቺ ናት፤ ከዚያ ጋር ደግሞ ወርቅ የሌለበት ፒራይት ይከተላል፣ የኮንሰንትሬቱ (ተንሳፍፎ የተሰበሰበው ምርት) ጥራት ይወርዳል። የወደቀውን ቮልቴጅ በበቂ አየር ማንሳት ግን ከዚህ የበለጠ ርቀት ሊወስድ ይችላል።

ወርቁ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከኬሚስትሪ ይወጣል። ከ200 ማይክሮን በላይ የሆነ ድቡልቡል ወርቅ ገጹ የቱንም ያህል ቢሸፈን ክብደቱ ከአረፋው ላይ ይጥለዋል። እንዲህ ያለው በግራቪቲ (በክብደት ልዩነት) ቀድሞ መለቀም አለበት፤ ዛንቴት መጨመር የእሱን ክብደት አይቀንስም። የተጠፈጠፈ ወርቅ በመጠኑ ይሻላል።

ኖራ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኖራ ርካሽ ነው፤ ጉዳት የለውም የተባለው ግን ልክ አይደለም። የካልሲየም አዮኖች ነጻ ወርቅ ላይ እያረፉ ከመንሳፈፍ ይገቱታል፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። ነጻ ወርቅ ባለበት ሥራ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኖራ በብዛት የሚገባው ፒራይትን ለማስቀረት ነው፤ ወርቁ በፒራይቱ ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ ፒራይቱን ያስቀረ ሰው ወርቁን አብሮ አስቀረ።

«ለወርቅ የሠራ ለፕላቲነምም ይሠራል»

በቤተ ሙከራ፣ ንጹሕ የፕላቲነም ኤሌክትሮድና ንጹሕ የወርቅ ኤሌክትሮድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጸሐፊው ብዙም አልተሳሳቱም፤ በሁለቱም ላይ ዛንቴት ወደ ዳይዛንቶጅን ይቀየራል። ከመሬት የሚወጣው ፕላቲነም ግን ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ብረት አይደለም። በደቡብ አፍሪካው ቡሽቬልድ፣ በ1924 በታወቀው ሜሬንስኪ ሪፍም ሆነ ዩጂ2 በተባለው የክሮማይት (የክሮሚየም ማዕድን) ንብርብር ውስጥ፣ ፕላቲነም የሚገኘው ኩፐራይትና ብራጋይት እንደሚባሉት ከሰልፈር ጋር፣ ስፔሪላይት እንደሚባለው ከአርሴኒክ ጋር፣ እንዲሁም ከቴሉሪየምና ከቢስሙት ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ከብረት ጋር የተቀየጠም አለ። ብዙዎቹ ቅንጣቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ከፔንትላንዳይትና ከካልኮፓይራይት ጋር ተጣብቀው ይወጣሉ፤ የሚንሳፈፉትም እነሱ ሲንሳፈፉ ነው። እዚያ የሚሠራው ዛንቴት፣ ብዙውን ጊዜ አይሶቡታይሉ፣ የሚያያዘው በአብዛኛው ከእነዚህ የኒኬልና የመዳብ ሰልፋይዶች ጋር ነው። ከሰልፋይድ ተለይቶ የቀረ ስፔሪላይት ወይም ቴሉራይድ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለሰልፋይዱ የሚበቃው ጊዜ ለእሱ አይበቃውም፤ ኮፐር ሰልፌት ጨምሮ ፒሮታይቱን (ሌላ የብረት ሰልፋይድ) ማንቃትም እሱን አያፈጥነውም።

ጸሐፊው አንዴም ያላነሱት ታልክ የሚባል ለስላሳ ማዕድን ደግሞ አለ። ታልክ ያለ ምንም ዛንቴት ይንሳፈፋል፤ በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ከፕላቲነሙ ቀድሞ አረፋውን የሚሞላው እሱ ነው። ለዚህ ካርቦክሲሜታይል ሴሉሎስ ወይም የጓር ሙጫ ይጨመራል፤ ረጅሙ ሞለኪውል በታልኩ ላይ ተኝቶ ውኃ ወዳድ ያደርገዋል። መጠኑ ሲያንስ ታልኩ ኮንሰንትሬቱን ይሞላዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ግማሹ ታልክ፣ ግማሹ ሰልፋይድ የሆነውን ጥምር ቅንጣት ይዞ ይሰምጣል፤ ሰልፋይዱ ላይ ዛንቴቱ በደንብ ተያይዞ እያለ።